የጠዋቱ ዝምተኛ

ፍቅረኛሞች ዓመቱን ሙሉ ምን ሲያደርጉ ከረሙ ቢባል መልሱ የታወቀ ነው፤ መናፈሻ ሄዱ፣ ሲኒማ ገቡ፣ ተኮራረፉ፣ ታረቁ። ጭራሮና ጉቶ ግን ዓመቱን የጨረሱት ጌም ሲጫወቱ ነው። ምን ያድርጉ! እሷ አንድ ከተማ፣ እሱ ሌላ ከተማ፤ መሃላቸው ላይ የቀን ሙሉ የአውቶቡስ መንገድና የአንድ አባት እምቢታ ተጋድሟል።

ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። እሷ ንፋስ የሚወስዳት ቀጭን ስለሆነች ጭራሮ፣ እሱ አጠር ብሎ ደንደን ያለ ስለሆነ ጉቶ። ጌሙ ውስጥም ከራሳቸው በላይ ተጽፎ የሚታየው ይኸው ነው። «ሁለታችንም እኮ ለማገዶ ነን» ብላው ነበር መጀመሪያ ሰሞን። «ታዲያ ክብሪቱን ማን ይያዝ?» አላት። ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ተጠራርተው አያውቁም።

ጭራሮ ሶፋ አልባሽ ናት። ያረጀውን ገፍፋ፣ ስፖንጁን ቀይራ፣ ጨርቁን ለክታና ሰፍታ ስታለብሰው ባለቤቱ የገዛ ሶፋውን «ይሄ ደግሞ የማነው?» ይላል። ጉቶ የከተማው ውኃ ማጣሪያ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። የተገናኙት እሷ እሱ ከተማ ትሠራ በነበረ ጊዜ፣ የእነ ጉቶን ሶፋ ልታለብስ የመጣች ዕለት ነው። የሜትሩን አንድ ጫፍ እሷ ያዘች፣ አንዱን ጫፍ እሱ። ለክታ ጨረሰች፤ እሱ ሜትሩን አልለቀቀም።

«ጨርሻለሁ እኮ» አለችው።

«እኔ አልጨረስኩም» አላት። ዓይኑ ሜትሩ ላይ አልነበረም።

የጉቶ አባት ዳኛ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ከአንድ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ከቤት የሚያወጣቸው ነገር አልተገኘም። ጉቶ «ላገባ ነው» ሲላቸው ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ «ማንን?» አሉ። «ሶፋችንን ያለበሰችውን ልጅ።» ልጅቷን አይተዋት አያውቁም፤ ሶፋው ሲለብስ ችሎት ላይ ነበሩ። ማየትም አላስፈለጋቸውም። «ሶፋው ገብቷል፤ አልባሿ አትገባም» አሉና ገጹን ገለጡ።

ጉቶ ነገር መደበቅ አያውቅበትም፤ ቃል በቃል ነገራት። ቀጥሎም «ያለ እሳቸው እንጋባ» አላት። እዚህ ላይ ነው ጭራሮ ድርቅ ያለችው።

«እናቴ ያለ አማቶቿ ፈቃድ ነው ያገባችው» አለችው። «አንድ ሰፈር እየኖርን ዕድሜ ልካቸውን ደጃችንን አልረገጡም። አባቴ ሲሞት እንኳ ውጭ ቆመው አልቅሰው ሄዱ። እናቴ እስከ ዛሬ በር ሲንኳኳ ቀና ትላለች። እኔ እንደዚያ ቀና እያልኩ አልኖርም፣ ጉቶዬ። አባትህ ራሳቸው ‹ትምጣ› ይበሉ። ዓመት እንጠብቅ። በዓመቱ ካላሉ ግን አንተም በሰላም፣ እኔም በሰላም።»

ይህን ብላ ወደ ከተማዋ፣ ወደ እናቷ ስፌት ሱቅ ተመለሰች። በልቧ ግን ዓመት የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚረዝም አልገመተችም ነበር።

መጀመሪያ በስልክ ነበር። ስልኩ ደግሞ ሁልጊዜ «እሺ፣ ምን አሉ?» በሚለው ይጀምርና በለቅሶ ያልቃል። በመጨረሻ ጉቶ «ስልኩን እንተወውና ጌም እንጫወት» አላት።

«ልጅ ነኝ እንዴ?»

«ሞክሪው፤ ካልወደድሽው ስድብሽን እጠጣለሁ።»

ሞከረችው። ባዶ ደሴት ነው። ሁለት ሰው ብቻ። እንጨት ይቆረጣል፣ ጎጆ ይሠራል፣ ይዘራል፣ ዓሣ ይጠመዳል። እሱ ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ላይ በጆይስቲክ፣ እሷ ስልኳን ከስፌት መኪናዋ አስደግፋ። ማታ ማታ፣ ዳኛው ከተኙ በኋላ፣ ኢርፎናቸውን ሰክተው እያወሩ ይሠራሉ፤ የማፍረሱ ድርሻ የጉቶ ነው። ሲሮጥ ገደል ይገባል፣ ግድግዳ የሌለው ቤት ላይ ጣራ ይሰቅላል፣ የዘራችውን ይረግጣል። እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እናቷ ከጓዳ «ምን ነካት ይቺ ልጅ?» ትላለች።

ከሌሊት ፈረቃ የሚመለስበት ጠዋትም አለ። «ያን ጊዜ ድምፅ አላወጣም፤ አባባ ይሰሙኛል» ብሏት ነበር። «ዝም ብዬ ከመጣሁ ዝም በይኝ።» እሷም ዝም አለችው።

የጠዋቱ ጉቶ መጀመሪያ ሰሞን ጉድ ነበር። አንድ ቀን ዝም ብሎ ባሕር ውስጥ ገብቶ ቆሞ አገኘችው። እጁን ይዛ ጎትታ አወጣችው፤ መልሶ ገባ፤ መልሳ አወጣችው። ምስኪን፣ እንቅልፍ አናቱ ላይ ወጥቶ ነው አለች። ከዚያ ግን ሰውየው ሌላ ሆነ። ችኮላ የለ፣ ዝላይ የለ። ችግኝ ሲተክል ረድፉ በክር የተለካ ይመስላል። እሷ ዛፍ ከቆረጠች እሱ በቦታው ሌላ ይተክላል። ደሴቷን ዙሪያዋን በድንጋይ ካብ አጠራት፤ ካቡ አንድ ቦታ እንኳ አልተንጋደደም። ዝናብ ሲመጣ የትም ይሁን ጃንጥላውን ይዞ አጠገቧ መጥቶ ይቆማል። አንድ ቃል አይናገርም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጭራሮ የማታውን ጉቶ ትወደው ነበር፤ ለዕድሜ ልክ ያሰበችው ግን የጠዋቱን ነው። «ለካ ሰው ሲደክመው ነው እውነተኛ ጠባዩ የሚወጣው» ትላለች ለራሷ። ማታ «ስላደረግህልኝ ሁሉ ተባረክ» ስትለው እሱ የጣራውን ነገር መስሎት ይስቃል። እሱም «ካቡ እንዴት ያምራል» ሲላት በራሱ ሥራ የሚኩራራ መስሏት ትስቅበታለች።

አንድ ጠዋት ግን ሆድ ባሳት። እናቷ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች፤ ዓመቱም እየገፋ ነው። በዚያች ትንሽ ስልክ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ጉቶዬ፣ ዛሬ መልስ አትስጠኝ። አባትህን ክፉ ናቸው ብዬ አላውቅም። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ልጁን እንዳይወስዱበት ቢፈራ ምን ይፈረድበታል? እኔ እኮ ልወስድህ አልነበረም፤ ልጨመር ነበር። አንድ ቀን ቢያዩኝ ይበቃኝ ነበር። አንድ ቀን ብቻ።»

ጽሑፉ ከራሷ በላይ ብቅ ብሎ ጥቂት ቆየና ጠፋ፤ የጌሙ ደንብ እንደዚያ ነው። ጉቶ ቆመ። በጣም ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ሄደና ከደሴቷ ጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን አበባ አንድ በአንድ እየነቀለ እያመጣ ዙሪያዋን ተከለላት። ጭራሮ የሰው ሶፋ ጨርቅ ላይ አለቀሰች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተወድጃለሁ ብላ አታውቅም።

ዓመቱ ሞላ። ዳኛው «ትምጣ» አላሉም።

ቢሆንም ስንብት በስልክ አይሆንም ብላ ጭራሮ መጣች። አንድ ጓደኛዋ ቤት አደረችና በማግስቱ ከሰዓት በፊት አንድ ኬክ ቤት ተገናኙ። ጉቶ ተላጭቶ አገጩን ቆርጦታል። እጁን ጨበጠችው፤ ሁለቱም መልቀቁን ረሱት፤ አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ብላ ባትመጣ ኖሮ እዚያው ያመሹ ነበር።

«ጠየቅኳቸው» አላት። «ትናንትም ጠየቅኳቸው። ዝም አሉኝ። ድሮ እምቢ ይሉ ነበር፤ አሁን ዝም ነው የሚሉት። የቱ እንደሚሻል አላውቅም።»

«ተወው» አለችው። «ዛሬ ስለ እሳቸው አናውራ። ደሴታችንን እንያትና እንለያይ።»

ከጌሙ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች ከፍታ ስልኳን መሃል ላይ አደረገችው። ራስ ለራስ ገጥመው ዓመታቸውን በጣት እየገፉ አዩት። ግድግዳ የሌለው ባለ ጣራ ቤት ይኸውና። ይሄ ጉቶ የወደቀበት ገደል። ይሄ መጀመሪያ የዘራነው፣ አንተ የረገጥከው። እየሳቁ ነበር፤ ሳቁ ግን እየቀጠነ መጣ፤ ሊጨርሱት ነውና።

«እኔ ከሁሉ የማልረሳው ይሄን ካብ ነው» አለ ጉቶ። «አንቺ ይሄን ሁሉ ድንጋይ ስትደረድሪ፣ እኔ ለዚህች ልጅ አባቴን ማሳመን አቃተኝ እያልኩ ስንቴ አፈርኩ መሰለሽ።»

ጭራሮ ቀና አለች። «እኔ? ካቡን የሠራኸው አንተ ነህ እኮ።»

«እኔ? እኔ ሦስት ድንጋይ ስደራርብ አይተሽኛል?»

«ጠዋት ጠዋት። ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ።»

ጉቶ ግራ ገባው። «ጭራሮዬ፣ መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ሦስቴ ገባሁ። ከዚያ እንቅልፉ አላስችል አለኝ፤ እንደ ግንድ ነው የምወድቀው። ስታመሰግኚኝ የማታውን መስሎኝ ነው።»

«አበባውስ?»

«የትኛው አበባ?»

የኬክ ቤቱ ጫጫታ ከጭራሮ ጆሮ ጠፋ። ዓመቱን ሙሉ፣ በሌሊት ፈረቃው ማግስት ጠዋት ጠዋት፣ ጃንጥላ ይዞላት የቆመው ሰው ማነው? ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ይሄው ፊቷ ተቀምጧል።

ሁለቱም እኩል ደረሱበት። ጉቶ ሳቅ ሊያመልጠው አለና ፊቷን ሲያይ ዋጠው። የጭራሮ ፊት አመድ ሆኗል።

«ጽፌላቸዋለሁ» አለች በቀስታ። «ላንተ መስሎኝ ሆዴን ዘርግፌ ጻፍኩ። ስለ ራሳቸው ነው የጻፍኩት። አንብበውታል፣ ጉቶ። ደጅ ያቆሙኝ ሰውዬ ሆዴን አንብበው ዝም አሉ!»

«በእናቴ አፅም፣ እኔ አላውቅም ነበር—»

«አውቃለሁ። አንተ ብታውቅ ፊትህ ይናገር ነበር።» ተነሣች። «ውሰደኝ ቤታችሁ።»

«አባባ ትምጣ አላሉም እኮ።»

«እንዳላሉ አውቃለሁ» አለች። ቦርሳዋን አንሥታ ቀድማው ወጣች።

ጉቶ በሩን በቁልፉ ከፈተ። ዳኛው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እሷ ያለበሰችው ሶፋ ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ ደሴቷ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። ጉቶ የተባለው ምስል ጃንጥላውን ይዞ ባሕሩ ዳር ብቻውን ቆሟል። ዳኛው ኮቴ ሲሰሙ ጆይስቲኩን ከትራስ ሥር ሸጎጡት።

«ዜና እያየሁ ነው» አሉ ሳይዞሩ።

ሌላ ቀን ቢሆን ጉቶ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች እሷ። «ጭራሮ ነኝ።»

ዳኛው ዞሩ። አዩአት። ያ ሁሉ ሰው ችሎት ሲነሣላቸው የኖሩ ሰውዬ፣ የሶፋውን ክንድ ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡላት።

«ትናንት አልመጣሽም» አሉ። «ዛሬም ቀረሽ። አሞሽ ይሆን እያልኩ…»

«አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ልጅዎን ልሰናበት።» ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች። «እኔ መሆኔን መቼ ነው ያወቁት?»

«የጻፍሽ ዕለት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ወንድ ልጅ መስለሽኝ ነበር። ልጄ እንዲህ ያለ ጨዋ ጓደኛ ካለው ጥሩ ነው እያልኩ…» ዓይናቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ። «ዜና ልከፍት ብዬ ነው የጀመርኩት። ያንን ነገር እንደ ሪሞት ነካካሁት። ራሴን ባሕር ውስጥ አገኘሁት። እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም። አንቺ መጥተሽ ጎትተሽ አወጣሽኝ። እንደገና ገባሁ፤ እንደገና አወጣሽኝ። የዚህ ልጅ እናት ከሞተች ወዲህ ና ብሎ እጄን የጎተተ ሰው አልነበረም።»

ጭራሮ ልቧ ሊራራ ሲል ያዘችው። ቀላል አልነበረም።

«ካወቁ በኋላ ለምን ዝም አሉ? ጠዋት አበባ እየተከሉልኝ፣ ማታ ልጅዎን ያለ መልስ እየመለሱት! እኔ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ቁም ስቅሌን እያየሁ፣ እርስዎ እዚህ ተቀምጠው እያዩኝ!»

«አባባ…» አለ ጉቶ።

«አንተ ቆይ!» አሉት ሁለቱም በአንድ አፍ።

ዳኛው ጆይስቲኩን ከትራስ ሥር አውጥተው አስቀመጡት። «ዕድሜዬን ሙሉ ግራ ቀኙን ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም። አንቺ ላይ ብቻ ፈረድኩ። ያን ዕለት ሳነብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማታ ልጄን ጠርቼ ‹ትምጣ› ልለው አፌን ከፈትኩ።» ወደ ልጃቸው አዩ። «ከዚያ ፈራሁ።»

«ምን?»

«ትምጣ ካልኩ ትጋባላችሁ። ከተጋባችሁ አንድ ቤት ትሆናላችሁ፤ ይሄን ጌም ምን ያደርግላችኋል? ትተዉታላችሁ። ጠዋት እኔ ማንን እጠብቃለሁ? አንድ ቀን ልጨምር፣ አንድ ቀን ልጨምር እያልኩ ዓመታችሁን በላሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም። ስስት ነው፣ ልጄ። የሽማግሌ ስስት።»

ጉቶ አባቱን እንደ አዲስ ሰው ያያቸዋል። ይሄን ሁሉ ዓመት አብረው ሲኖሩ ብቻቸውን መሆናቸውን አላወቀም ነበር፤ ዓይኑ ሞላ።

ጭራሮ ግን ያላለችው ነገር ነበራት።

«እኔ እኮ የተቀየምኩት ለራሴ አይደለም» አለች። «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በር ስታይ ነው የኖረችው። የባሏ ወገን አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ‹እንዴት ዋልሽ› ብሎ ቤቷ አልገባም። የሠራችው ጥፋት ሰው መውደድ ነው። ትናንት ሻንጣዬን ስትሰጠኝ ምን አለችኝ መሰለዎ? ‹እንዳይለምኑሽ አልልሽም፤ አንቺ ግን እንዳትለምኚ›። ይኸው ሳልለምን ጨረስኩ። ልሂድ።»

አልሄደችም። ጉቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሊለቅላትም ሊከለክላትም አልቻለም፤ ዝም ብሎ አያት። እሷም አየችው። በዚያ አስተያየት ውስጥ ዓመቱ በሙሉ ነበረበት።

«አውቶቡሱ ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አሉ ዳኛው ከኋላዋ።

«ምን ይሠራልዎታል?»

«እናትሽ ዘንድ እሄዳለሁ።»

«አባባ፣ መንገዱ እኮ ቀን ሙሉ ነው፤ ወገብዎ…» አለ ጉቶ።

«ወገቤን ተወው። እዚህ ተቀምጬ ትምጣ ማለት ምን ዋጋ አለው? መጥታለች እኮ፣ ሳልጠራት መጥታለች።» ወደ ጭራሮ ተጠጉ። ቁመታቸው ከልጃቸው አይበልጥም፤ ይህን እስካሁን አላስተዋለችም ነበር። «ፍርድ የሚነሣው በተበደለው ሰው ፊት ነው። የበደልኩት አንቺን ብቻ መስሎኝ ነበር። እናትሽ በር ላይ ሄጄ ልጅሽን ለልጄ ስጪኝ ብዬ እጠይቃታለሁ። ካስገባችኝ እገባለሁ። ካላስገባችኝ የሰው ደጅ መቆም ምን እንደሚመስል አየዋለሁ። አንቺ ግን… እምቢ ብትዪ ፍርድሽ ነው። አልከራከርም።»

ጭራሮ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች። ከወዲያ በኩል የስፌት መኪናው ድምፅ ቀድሞ መጣ።

«አቤት ልጄ! ጨረስሽ? ተሰናበታችሁ?»

«እማዬ… ነገ ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

«ልጁን? ምን አልኩሽ አንቺ ልጅ! ያለ አባቱ—»

«አባቱን ነው።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«አባቱን የት?»

«እኛ ቤት። አንቺን ሊጠይቁ።»

ጭራሮ የእናቷን ትንፋሽ ትሰማለች። ዳኛው ሁለት እጃቸውን አጣምረው፣ ፍርዱን የሚጠብቅ ተከሳሽ መስለው ቆመዋል።

«እማዬ? አለሽ?»

«ውስጥ… ይገባሉ?» አለች እናቷ። ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ነበር።

እስካሁን የያዘችው ዕንባ ሁሉ በዚህች ቃል ተለቀቀ። «ካስገባሻቸው» አለች ጭራሮ፣ ሌላ ነገር መናገር አልቻለችም። ጉቶ መጥቶ ትከሻዋን ያዘ፤ በአባቱ ፊት መሆኑንም ረሳው።

«ምን ታለቃቅሺያለሽ፣ አርፈሽ ንገሪኝ እንጂ» አለች እናቷ፣ ራሷ እያለቀሰች። «ቤቱ እኮ አልተጠረገም። በስንት ሰዓት ይደርሳሉ?»